ከከሚሴ የወጣ ድምፅ

ሰኞ ባቲ ላይ ዋጋ ሲቆረጥ የሚሰማው አንድ ቋንቋ ብቻ አይደለም። ግመልና ፍየል እየነዳ ከቆላ የወጣው አፋር፣ ከዙሪያው መንደር የመጣው ኦሮሞ፣ ከደጋ እህል ጭኖ የወረደው አማራ አንዱ የሌላውን ቃል እየተዋሰ ይነጋገራል። በኦሮምኛ የተጀመረው ነገር መሐሉ ላይ አማርኛ ይሆንና በዐረብኛ ምርቃት ያልቃል። የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን መቀመጫ በሆነችው በከሚሴም፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባሉት ሻይ ቤቶች፣ ወሬው የሚሄደው እንዲሁ ነው። ተናጋሪው ሳያስበው ይናገረዋል፤ ሰሚውም ሳይቸገር ይሰማዋል። የሚቸገረው ማሽን ነው።

ማሽን ንግግር እንዲያውቅ የብዙ ሺህ ሰው ድምፅ ተቀርጾ፣ የተባለው ቃል በቃል ተጽፎ፣ ድምፁና ጽሑፉ ተጣምረው ሊቀርቡለት ይገባል። ኦሮምኛ በዚህ ዓለም ዘግይቶ የገባ ቋንቋ ነው። የጉግል ተርጓሚ የጨመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ሜታ 200 ቋንቋ የሚተረጉም ሞዴል ይፋ ሲያደርግ ኦሮምኛ የገባበት መለያ «ምዕራብ ማዕከላዊ ኦሮሞ» የሚል ነበር። ዞኑ ያለበት ወሎ በዚያ መለያ በስሙ አይጠራም። የወሎ ኦሮምኛ የራሱ ቃላት፣ የራሱ አጠራር፣ ከአማርኛና ከዐረብኛ ጋር የኖረበት ረጅም ጉርብትና አለው። ድምፅ አዋቂ ሞዴል የሚሠራ ድርጅት የጎደለውን ልሙላ ያለ ቀን ወደ ዞኑ ወረዳዎች፣ ወደ ባቲ፣ ወደ ዳዋ ጨፋ፣ ወደ ጅሌ ጥሙጋ መምጣቱ አይቀርም።

ስለዚህ ይህን ቀን አስቀድመን እናስበው። አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ከሚሴ ውስጥ በስልኳ አንድ መተግበሪያ ትጭናለች እንበል። መተግበሪያው ዐረፍተ ነገር ያሳያታል፤ እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ለእያንዳንዱ ጥቂት ሳንቲም ይታሰብላታል። ከዚያ ነጻ ንግግር ይጠይቃታል፦ ስለ ሠርግ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ልጅነቷ እንድታወራ። እናቷና አያቷም ገብተው ያወራሉ። ማታ ላይ ፋይሉ ይላካል። የት ይላካል?

ይህ ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። ድምፁን የሰበሰበው ድርጅት ቢሮው አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ፋይሉ የሚያርፍበት ሰርቨር አየርላንድ ወይም ጀርመን ይሆናል። ድምፁን ሰምተው ጽሑፍ የሚያደርጉት፣ ስድቡን ከምርቃቱ የሚለዩት ሠራተኞች ናይሮቢ ይቀመጣሉ። ሞዴሉ የሚሠለጥንባቸው ማሽኖች አሜሪካ ናቸው። የሠለጠነው ሞዴል ደግሞ ተመልሶ ከሚሴ ስልክ ላይ ይመጣል፤ ምናልባትም በክፍያ። በአንዲት ወጣት ድምፅ ላይ አራት አገር፣ አራት ሕግ፣ አራት ፍርድ ቤት ያገባኛል ሊል ይችላል። ወይም ሁሉም እኔን አይመለከተኝም ይላል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ላይ ዝም አላለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበር መብት ሆኖ ተቀምጧል። ከዚያ ግን ስለ ዳታ ራሱን የቻለ ሕግ እስኪመጣ ብዙ ጊዜ ወሰደ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ያጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ስለ ቦታ የሚለው ግልጽ ነው፦ በአገር ውስጥ የተሰበሰበ የግል ዳታ በአገር ውስጥ ባለ ሰርቨር ወይም የዳታ ማዕከል ይቀመጥ። ወደ ውጭ የሚተላለፍ ከሆነ ተቀባዩ አገር በቂ ጥበቃ ያለው ይሁን፤ ካልሆነም ባለቤቱ አደጋው ተነግሮት በግልጽ ይፍቀድ፣ ወይም ሕጉ ከዘረዘራቸው ሌሎች ምክንያቶች አንዱ ይኑር። የሰውን ብሔር፣ እምነት፣ ጤና፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ አሻራና መሰል የሰውነት መለያ የሚገልጽ ዳታ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይደረግለት።

ይህን ወደ ወጣቷ ፋይል እናምጣው። ድምፅ የሰው መለያ ነው፤ የሚያውቃት ሰው በሁለት ቃል ይለያታል። የድምፅዋ ቅላጼ የየት አገር ልጅ እንደሆነች ይናገራል። ንግግሯ ውስጥ ያለው ዱዓ እምነቷን ያሳያል። ስሟ ከፋይሉ ቢነሳ እንኳ ብሔሯና ሃይማኖቷ እዚያው ድምፁ ውስጥ አሉ። እንዲህ ያለ ዳታ «ስም የለበትምና ማንንም አይነካም» ተብሎ በቀላሉ ድንበር ሊሻገር አይገባም ባይ ነኝ።

አዋጁ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የሰውን ድምፅ እንደ ፋይል ያየዋል፤ ፋይሉ የት ተቀመጠ ብሎ ይጠይቃል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ከመቀመጥ ያለፈ ነው። አንድ ቅጂ አዲስ አበባ በሚገኝ የዳታ ማዕከል ተቀምጦ ሌላው ቅጂ ውቅያኖስ ማዶ ሞዴል ሊያሠለጥን ይችላል፤ ሕጉ የሚፈልገው ፈቃድ በስልክ ላይ አንድ ጊዜ በተነካች ሳጥን ከተገኘ መንገዱ ክፍት ነው። ከሥልጠናው በኋላ ወጣቷ ሐሳቧን ብትቀይር ፋይሉ ይደመሰስላት ይሆናል። ሞዴሉ የተማረው ግን ተምሯል። ከሠለጠነ ሞዴል ውስጥ የአንድን ሰው ድርሻ ለይቶ ማውጣት እስካሁን አስተማማኝ መንገድ ያልተገኘለት ችግር ነው። ጤፍ ከተፈጨ በኋላ ከየትኛው ማሳ የመጣው ፍሬ የቱ እንደሆነ እንደ መጠየቅ ነው።

ከአገር ወጥቶ የተመለሰ ነገርም አለ። ከባቲ ወደ ምሥራቅ፣ አፋር ውስጥ ሀዳር ላይ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የድንቅነሽ አጽም ተገኘ። አጽሟ ለምርምር ወደ አሜሪካ፣ ወደ ክሊቭላንድ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ተመለሰ። አጥንት ሄዶ መመለስ ይችላል። የሄደበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን፣ የሚረከበው ሰው ይታወቃል። ከሞዴል ጋር እንዲህ ያለ ውል የለም፤ ስለዚህ ስለ ድምፅ ማሰብ ያለብን ከመቀረጹ በፊት ነው።

የሚገርመኝ፣ ኢትዮጵያ ይህን ችግር በሌላ ነገር ላይ አስቀድማ አስባበታለች። በእህል ዘር ላይ።

በ1998 ዓ.ም. የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወጣ። ስሙ ረጅም ነው፤ የሕግ ባለሙያ ካልሆነ ሰው ብዙም አያነሣውም። እኔ ግን ስለ ዳታ በተነሣ ቁጥር ወደዚህ አዋጅ እመለሳለሁ። ዘር ወይም የማኅበረሰብ ዕውቀት መውሰድ የፈለገ በቅድሚያ ፈቃድ ያወጣል። የማኅበረሰቡ ስምምነት ሳይገኝ ዕውቀቱ አይወሰድም፤ ማኅበረሰቡ እምቢ የማለት መብት አለው። ወደ ውጭ ለማውጣት ለብቻው ፈቃድ ያስፈልጋል። በዘሩ ላይ የሚደረገው ምርምር፣ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ በኢትዮጵያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን እየተካፈሉበት ይከናወናል። አመልካቹ የውጭ ዜጋ ከሆነ ደግሞ የገዛ አገሩ ባለሥልጣን «ግዴታውን እንዲፈጽም እናስገድደዋለን» የሚል ደብዳቤ ያቀርባል።

ይህ ድንጋጌ ዘሩ የት መጋዘን እንዳለ ከመጠየቅ አልፎ ሥራው የት እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር እንደሚሠራ፣ ነገር ሲበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ይጠይቃል። ፈቃጁም አንድ ግለሰብ ብቻ ሳይሆን ማኅበረሰቡ ነው። ለድምፅና ለቋንቋ ዳታ የምንፈልገው ይኸው ነው፤ ቃሉን ለውጦ መጻፍ ብቻ ነው የሚቀረው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ይህ አዋጅ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሆነው የጤፍ ታሪክ ደግሞ ወረቀት ብቻውን ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ያሳያል። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ፈረሙ። ኩባንያው የጤፍ ዝርያዎችን ወስዶ አውሮፓ ውስጥ ምርት ሊሠራ፣ ከትርፉም ለኢትዮጵያ ሊያካፍል ነበር። በወቅቱ ለሌሎች አገሮች አርአያ የሚሆን ውል ተባለ። በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት መብት እ.ኤ.አ. በ2007 በአውሮፓ ተሰጠ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ። ውሉ ከከሰረው ኩባንያ ጋር ቀረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ። ኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ ያገኘችው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ገደማ ነበር። ፓተንቱን በመጨረሻ በኔዘርላንድ ያፈረሰው እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ነው፤ ያም በሁለት የኔዘርላንድ ወገኖች መካከል በተነሣ ክርክር እንጂ ኢትዮጵያ ከሳ አይደለም። እህሉ የኛ ነበር፤ ሥራው እዚያ ነበር፤ ፍርዱም እዚያ ሆነ።

ዳታ ከጤፍ በባሰ ሁኔታ እንዲህ ያለ ዕጣ ሊገጥመው ይችላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 የሰዎችን ምራቅ ተቀብሎ የዘር ሐረጋቸውን የሚነግረው የአሜሪካው 23 ኤንድ ሚ ኩባንያ ለኪሳራ ሕግ ጥበቃ አመለከተ። የ15 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች ዳታ በድንገት የከሰረ ድርጅት ንብረት ሆኖ ለገዢ ቀረበ። ደንበኞቹ ምራቃቸውን የሰጡት ለሚያምኑት ድርጅት ነበር፤ ቀጥሎ ማን እንደሚይዘው ግን እነሱ አልወሰኑም። የከሚሴዋ ወጣት የፈቀደችለት ድርጅትስ ከሦስት ዓመት በኋላ ቢሸጥ? የገዛው ድርጅት ድምፅዋን አስመስሎ የሚናገር ማሽን ቢሠራበት?

ማን ይጠየቃል የሚለውን ጥያቄ ከሚሴ ያለችበት የአማራ ክልል በከባድ ዋጋ ያውቀዋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው ደጅ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፎቶግራፋቸውን ይዘው የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች በፌስቡክ ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው ደጋግሞ ማመልከቱን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። የከሰሰው ግን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ አልነበረም፤ ካሊፎርኒያም አልነበረም። ናይሮቢ ነበር።

ለምን ናይሮቢ? ለምሥራቃዊና ለደቡባዊ አፍሪካ የሚወጡትን ጽሑፎች የሚመረምሩ ሠራተኞች በተቋራጭ ተቀጥረው የሚሠሩት እዚያ ስለነበር ነው። አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ትግርኛውን አንብበው «ይህ ይቆይ፣ ይህ ይነሣ» ይሉ የነበሩት እዚያ ተቀምጠው ነው። እንዲህ ዓይነቱ የሰው ውሳኔ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ጥላቻን መለየት እንዲማር የሚቀርብለት ትምህርት ነው። ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 እንደዘገበው፣ ቻትጂፒቲ አስነዋሪ ጽሑፍን እንዲለይ ምሳሌ ሲዘጋጅለት በዚያው ከተማ ምልክት ያደርጉ የነበሩት ሠራተኞች በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ይከፈላቸው ነበር። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት አሜሪካዊ ኩባንያን የመዳኘት ሥልጣን የለውም ሲል ተከራከረ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሚያዝያ 3 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።

ይህ ውሳኔ ስለ ጥፋተኝነት ገና አልተናገረም፤ የተናገረው ስለ በር ነው። የባሕር ዳር ሰው ሐዘኑን ይዞ የሚገባበት በር የተገኘው ሥራው በተሠራበት ከተማ ነው። ዳታ የሚሠራበት ቦታ ጉዳይ የቴክኒክ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ሥራው የተሠራበት አገር ፍርድ ቤት ነጻ ካልሆነ፣ ወይም ቦታው ጭራሽ ካልታወቀ፣ በሩ የለም።

አውሮፓውያን ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 2020 ወደ አሜሪካ የግል ዳታ ይተላለፍበት የነበረውን ዋና ስምምነት ሻረ፤ ምክንያቱም የአሜሪካ የስለላ ተቋማት ዳታውን ሲያዩ አውሮፓዊው የሚከስበት በቂ መንገድ አልነበረውም። በግንቦት 2023 ሜታ በዚሁ ጉዳይ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ተቀጣ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ በአሜሪካ ኩባንያ እጅ ያለ ዳታ ሰርቨሩ የትም አገር ቢሆን በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብ ማስገደድ ትችላለች። እንግዲህ ኩባንያው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ሰርቨሩ የት ነው ከሚለው እኩል ይመዝናል።

ታዲያ ሁሉም አገር ቤት ይቅር ማለት ይበቃል? ለከሚሴ ሰው አይበቃም። ዞኑ በቅርብ ዓመታት ሞትና መፈናቀል አይቷል። ብሔር የሚለይ ዳታ በእንዲህ ዓይነት ቦታ ከማንም እጅ ቢገባ አደገኛ ነው፤ አዲስ አበባም ቢቀመጥ፣ ደብሊንም ቢቀመጥ። የፋይዳ መታወቂያ አሻራ፣ የዓይን ብሌንና ፊት ሲመዘግብ ብሔርና ሃይማኖት አለመጠየቁ ትክክል ነው፤ ያልተሰበሰበ ነገር አይሰረቅም። በአሮጌው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ ነበር፤ ያችን መስመር ኬላ ላይ በፍርሃት ላሳየ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። የድምፅ ቅላጼ ግን የማትጠፋ የብሔር መስመር ናት።

ሌላም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። መብትሽን ለመጠየቅ በድረ ገጽ አመልክቺ የሚል ሕግ በእነዚያ ወራት ለወጣቷ ምን ይፈይዳታል? ዳታው ከእሷ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል፤ በርቀት የሚያዩት ያዩታል፤ እሷ ግን አትደርስበትም። ቅርበት በካርታ ብቻ አይለካም። ከሚሴ ላይ፣ በአፏ ቋንቋ፣ በእግር ተሂዶ አቤት የሚባልበት ቢሮ ወይም ቢያንስ በስልክ ጥሪ የሚደረስ ሰው ሊኖር ይገባል። ይህን በአዋጁ መመሪያዎች ውስጥ ማየት እፈልጋለሁ።

ወደ ፈቃድ እንመለስ። ወጣቷ የራሷን ድምፅ ልትፈቅድ ትችላለች። አያቷ የሚናገሩትን ምርቃት፣ የሰፈሩን ተረት፣ በደም የተቃባ ቤተሰብ ሲታረቅ አበጋር ፊት የሚባለውን ቃልስ? ወሎ ውስጥ አበጋር ነፍስ የጠፋበትን ጠብ የሚያበርድ ሽማግሌ ነው፤ ፊቱ የተነገረው ቃል የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። የዳታ አዋጁ የሚያውቀው ግለሰብን ነው። የዘር አዋጁ ግን ማኅበረሰብን ያውቃል። በእኔ እምነት እንዲህ ያለ ንግግር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሳይመክሩበት መቀረጽ የለበትም፤ ጭራሽ የማይቀረጽም አለ። ገንዘብ ተከፈለ ማለት ፈቃድ ተገኘ ማለት አይደለም፤ በተለይ ሥራ ያጣ ወጣት በበዛበት ከተማ።

እንዲህ ማድረግ ይቻላል ወይ ለሚል ከኒውዚላንድ አንድ ምሳሌ ላንሣ። ቴ ሂኩ ሚዲያ የማኦሪዎች የሬዲዮ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዝቡን ጠርቶ በ10 ቀን ውስጥ ከ300 ሰዓት በላይ የተነበበ ድምፅ ሰበሰበ። የውጭ ድርጅቶች ዳታውን ሲፈልጉ አልሰጠም፤ ድምፅ አዋቂ ሞዴሉን ራሱ ሠራ፤ ዳታው ለማኦሪ ሕዝብ ጥቅም ብቻ እንዲውል የሚያስገድድ የራሱን የፈቃድ ውል አዘጋጀ። ሕዝቡ ድምፁን የሰጠው ለሚያውቀው ሬዲዮ ነበር፤ ያ ሬዲዮ ደግሞ ነገ ጠዋት እዚያው መንደር ይገኛል።

ከሚሴ ላይ የሞዴል ማሠልጠኛ ማሽን ይተከል እያልኩ አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የዞኑን ኦሮምኛ የሚያውቁ መምህራን ከከሚሴ አይጠፉም። ድምፁ ተቀርጾ የሚጻፈው፣ ምልክት የሚደረግበት፣ የሚጠበቀውም በእነዚህ እጅ ሊሆን ይችላል። ትልቁ ማሽን ውጭ ካለ፣ ድምፁ ሳይሆን የተስማሙበት የሥራ ውጤት ብቻ ይውጣ፤ እሱም ለስንት ጊዜ፣ ለምን ሥራ፣ ድርጅቱ ቢሸጥ ምን እንደሚሆን ተጽፎ።

ያች ወጣት መተግበሪያውን ከመጫኗ በፊት የሚነበብላት ወረቀት በኦሮምኛም በአማርኛም ይሁን። የመጀመሪያው መስመር ስለ ክፍያ አይሁን። ድምፅሽ እዚህ አገር ይቀመጣል፤ እዚህ አገር ይሠራበታል፤ ይህን ያህል ጊዜ ይቆያል፤ አንዴ ሞዴሉ ከተማረበት በኋላ ማውጣት አይቻልም፤ የተበደልሽ እንደሆነ የምትከሺን በዚህ ከተማ፣ በዚህ ፍርድ ቤት ነው ይበላት። ከዚያ አንባቢው ዝም ይበል። እሷ እናቷን ትጠይቅ፤ አያቷን ትጠይቅ፤ ሲመሽ ቡና ተፈልቶ ይመከርበት፤ መልሷንም በማግስቱ ትስጥ።